የትንሽ ልጅ ትንፋሽ ይለካል

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሕፃናት ነርሶችና ሐኪሞች፣ ከካርቱም ተመልሳችሁ በዚህ አዳራሽ የተገናኛችሁ ወገኖቼ፣ እንድናገርበት የሰጣችሁኝ ርዕስ ደረቱ ደጋግሞ ሲር ሲር የሚል ትንሽ ልጅ ነው። ከግብዣው ጋር የደረሰኝም ጥያቄ «እንዲህ ያለው ልጅ አስም አለበት ማለት ነው?» የሚል ነው። ይህን ያልጠየቀ ወላጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ የልጁ ትንፋሽ ተለክቷል ወይ? ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ ይኸው ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትንፋሹ አይለካም የሚለው እምነት ጊዜው አልፎበታል። ይለካል፣ ሊለካም ይገባል፤ መለኪያውም ሁልጊዜ ውድ ማሽን አይደለም። በመጀመሪያ ሳይለኩ መገመት ምን እንደሚያስከትል አነሣለሁ፤ ቀጥዬ ትንንሾቹ በምንና እንዴት እንደሚለኩ፤ ከዚያ «ይህ ለእኛ አይሆንም» ለሚሉ ወገኖች መልስ እሰጣለሁ።

ካርቱምን አስታውሷት። ሃቡብ የተባለው የአቧራ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ከተማዋ በቀትር ትጨልማለች፤ በርና መስኮት ተዘግቶም ደቃቁ አፈር ትራስ ላይ ሳይቀር ይገኛል። ጅሬፍ የኖራችሁ በዓባይ ዳር የሚነደውን የጡብ ምድጃ ጭስ ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ የከሰሉ ካኑን አለ፣ የቡናው ዕጣን አለ፣ የጎረቤት የቡኹር ጭስ አለ። በመንገድ ዳር ሻይ ከሚሸጡ እህቶቻችን ብዙዎቹ ልጃቸውን ይዘው ነው የሚውሉት፤ ሕፃኑ ከከሰሉ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተኝቶ ይውላል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጉንፋኑ ይዛመታል፤ ልጁን ሳል ይጀምረዋል፣ በሁለተኛው ሌሊት ደረቱ ያፏጫል። እናትየው ወደ አንዱ ክሊኒክ ስትወስደው «ሐሳሲያ ነው»፣ ማለትም አለርጂ ነው፣ ትባላለች። ከወር በኋላ ሲያገረሽበት በሌላው ክሊኒክ «ኢልቲሃብ ነው»፣ ማለትም ኢንፌክሽን ነው፣ ይባልና አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። በሦስተኛው ቦታ ደግሞ «አዝማ ነው» ተብሎ ልጁ ኔቡላይዘር ይደረግለታል። ከአንድ ደረት ሦስት ስም ወጣ፤ በሦስቱም ስም መድኃኒት ተዋጠ። ሐኪሞቹን መውቀሴ አይደለም። እያንዳንዳቸው ያዩት የአንድ ሌሊት ሕመም ነው፤ የመረመሩትም በጆሮ ብቻ ነው። ያለፈው ሐኪም ያየውን በቁጥር ጽፎ ያልተወለት ሐኪም ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

ጆሮ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለማየት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ሲር የሚለው ድምፅ አየር በጠበበ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። የትንሽ ልጅ የአየር ቧንቧ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው። የቧንቧው ወርድ በግማሽ ሲጠብ አየሩን የሚገታው ኃይል በሁለት እጥፍ ሳይሆን ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ አዋቂውን በንፍጥ ብቻ የሚያልፈው ጉንፋን የሁለት ዓመቱን ልጅ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ታዲያ ድምፁ ቧንቧው መጥበቡን እንጂ ለምን እንደጠበበ አይናገርም። የቧንቧው ጡንቻ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሳልቡታሞል የሚላላ ነው። ግድግዳው አብጦ፣ አክታ ሞልቶት፣ ወይም ቧንቧው ከውልደት ቀጭን ሆኖም ሊሆን ይችላል። የድምፁ ከፍታም የሕመሙን ክብደት አይነግረንም። እንዲያውም በጣም አስፈሪው ደረት አየር ስለማያልፍበት ጸጥ ያለው ደረት ነው። ወላጅ «ዛሬ ሲሩ ቀነሰ» ብሎ ሲደሰት ልጁ እየደከመ ሊሆን ይችላል።

ይህን ልዩነት በአሳማኝ ሁኔታ ያሳየን መለካት ነው። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በምትገኘው ቱሳን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ 1,246 አራስ ሕፃናት ተመዝግበው ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ውጤት በዓለም ዙሪያ የሕፃናት ሐኪሞችን አስተሳሰብ ቀይሯል። ስድስት ዓመት እስኪሞላቸው ከተከታተሏቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደረታቸው ሲር ብሏል። ከሦስት ዓመት በፊት ሲር ካላቸው ልጆች መካከል ግን ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ተሽሏቸው ነበር። እስቲ ይህን ቁጥር አንድ አፍታ እንያዘው። በሁለት ዓመቱ «አስም አለበት» ከተባለ ከአምስት ልጅ ሦስቱ ያህል ስሙን የተሸከሙት ያለ አግባብ ነው ማለት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ «ሲያድግ ይተወዋል» በሚል ማጽናኛ ሕክምናቸውን ያጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላው ግኝት ነው። ከሕፃናቱ የተወሰኑት ገና ምንም የደረት ሕመም ሳያገኛቸው ሳንባቸው ተለክቶ ነበር። በኋላ ሲር ብሏቸው የተሻላቸው ልጆች ከመታመማቸው በፊትም የአየር ፍሰታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ጉንፋኑ ያገኘው ቀድሞ የጠበበ ቧንቧ ነበር ማለት ነው። አስም ሆኖ የቀጠለባቸው ልጆች ግን ሲወለዱ ከጤናማዎቹ ብዙም አይለዩም ነበር፤ የሳንባቸው አቅም የቀነሰው ስድስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፣ ታሪኩ ግን ሁለት ነው። ይህን ጆሮ ሊለየው አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ። ልጁ ትንሽ ነው፣ ንፋ ሲሉት አይነፋም፤ ታዲያ እንዴት ይለካል? የጥያቄው ሥር ሩቅ ነው። ጆን ሃቺንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 ስፓይሮሜትርን ለዓለም ሲያስተዋውቅ መሣሪያው ለአዋቂ የተሠራ ነበር። ሰውየው አየሩን ሞልቶ ይስባል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ እስከ መጨረሻው ይነፋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ማርቲን ራይት ያወጣው የፒክ ፍሎ መለኪያም የሚለካው አንድ ኃይለኛ ንፊያን ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ነው የሚሠራው። በስፓይሮሜትር የምናየው ዋናው ቁጥር በመጀመሪያው አንድ ሴኮንድ የወጣው አየር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ሳንባው ትንሽ ስለሆነ በሳንባው ያለውን አየር አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ጨርሶ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ለእሱ ትርጉም ያጣል። ለብዙ ዓመታት ከዚህ ተነሥተን «ልጁ አይለካም» ስንል ኖረናል። የማይመጥነው ግን መሣሪያው ነበር። የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት የጋራ መመሪያ ለትንንሾቹ በግማሽ ሴኮንድ ወይም በሦስት ሩብ ሴኮንድ የወጣውን አየር መመዝገብ እንደሚቻል አሳይተዋል። በኮምፒውተር ላይ ሻማ እንዲያጠፋ እየተደረገና እንደ ጨዋታ እየተበረታታ የሠለጠነ ሰው ሲያስነፋው፣ ከሦስት ዓመት በላይ ያለ ብዙ ልጅ ሊለካ ይችላል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአንድ ቀን ያልተሳካለት ልጅ በሌላ ቀን ይሳካለታል።

ከዚህ የሚቀልም ዘዴ አለ። ኦሲሎሜትሪ ይባላል፤ መነሻው አርተር ዱቦይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተሙት ሥራ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቢፈራ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። አፍንጫው በለስላሳ መቆንጠጫ ይያዛል። አፉ ማጣሪያ ባለው ቱቦ ላይ በደንብ ይገጠማል፤ ከንፈሩ ዙሪያ ክፍተት መኖር የለበትም። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በሁለት መዳፉ የልጁን ጉንጮች ደግፎ ይይዛል፤ ጉንጩ ከተንቀጠቀጠ ንዝረቱ ሳንባ ሳይደርስ እዚያው ይቀራልና። ከዚያ ልጁ ምንም አይደረግም። በየዕለት ትንፋሹ ይተነፍሳል፣ ማሽኑም በሚተነፍሰው አየር ላይ ለጆሮ እምብዛም የማይሰማ ትንሽ የግፊት ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ቧንቧዎቹን ነክቶ ሲመለስ ምን ያህል እንደተገታ ይመዘገባል። ለልጆች የሚመከረው የአንድ ልኬት ርዝመት 16 ሴኮንድ ነው፤ ጥሩ ልኬት ሦስት ጊዜ እስኪገኝ ይደጋገማል። ከዚያ ሳልቡታሞል ይሰጥና ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል። በሁለቱ መካከል ግታቱ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ከወረደ የቧንቧው ጡንቻ ተኮማትሮ እንደነበር ጠንካራ ምልክት ነው። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ ይህ ይቻላል። የሚጠየቀው ለአፍታ መቀመጥ ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ዓመት ልጅ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ማሽን የሌለበትስ ቦታ? በየጤና ጣቢያው ያለ፣ የሚናቅ መለኪያ አለ፤ እሱም ትንፋሽን በሰዓት መቁጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ሠራተኞች ያዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ እንዲህ ይላል፦ ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ልጅ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እስከዚህ ነው፤ ከዚያ «የሳንባ ምች» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። መመሪያው ግን አልጨረሰም። ልጁ ሲር የሚል ከሆነ በመጀመሪያ ፈጥኖ የሚሠራ የሚነፋ መድኃኒት ስጠው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተህ እንደገና ቁጠር፤ ካስፈለገ እስከ ሦስት ጊዜ ድገም፤ ስሙን ከዚያ በኋላ ስጥ ይላል። ይህ ሁለተኛው ቆጠራ በእኔ ግምት የድሃ አገር የሳንባ ልኬት ነው። ልጁ ጡት ሳይጠባ፣ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ከደረቱ ተነሥቶ፣ ሙሉ ስልሳ ሴኮንድ ይቆጠራል። 58 የነበረው 38 ሲሆን መድኃኒቱ ቧንቧውን ከፍቶታል ማለት ነው። 58 የነበረው 56 ላይ ከቀረ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ችግሩ ሁለተኛው ቆጠራ የሚዘለል መሆኑ ነው፤ ሲቆጠርም በወረቀት አይሰፍርም። ሁለቱ ቁጥሮች ከነሰዓታቸው በካርዱ ላይ ቢጻፉ ቀድሜ ያነሣኋት እናት በሦስተኛው ክሊኒክ ከዜሮ ባልጀመረች ነበር።

አሁን ወደ ካርቱም ልመለስ፤ «እዚያ አቅም አልነበረም» የሚል ሰው አይጠፋምና። የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1924 የተከፈተባት ከተማ ናት። ኤፒ-ላብ የተባለው የምርምር ተቋም በዓለም አቀፉ የሳምባ ነቀርሳና የሳንባ ሕመም ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ባገለገሉት በሱዳናዊቷ ዶክተር አስማ ኤልሶኒ መሪነት ለዓመታት የአስም ሕክምና በመደበኛ ጤና ተቋማት እንዲሰጥ ሠርቷል። ቦልድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ካርቱምና ገዚራ ተሳትፈዋል፤ በዚያ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በጥብቅ የጥራት ቁጥጥር በስፓይሮሜትር ተለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የሱዳናውያን አዋቂዎች የትንፋሽ መነሻ ልኬት በዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራኒያን መጽሔት ላይ ታትሟል። ለአርባ ዓመቱ ጎልማሳ ይህ ሁሉ ሲደረግ የአራት ዓመቱ ልጅ ግን ቀርቷል። ስለ ልጆች የነበረን መረጃ በአብዛኛው ከመጠይቅ የተገኘ ነው። ሱዳንና ኢትዮጵያ ሁለቱም የተሳተፉበት አይዛክ የተባለው ታላቅ የልጆች አስም ጥናት ወላጆችንና ተማሪዎችን «ባለፉት 12 ወራት ደረትህ ሲር ብሎ ያውቃል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በአገራችንም በጅማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የአስም ጥናት፣ ቀጥሎም 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግቦ ልጆቻቸውን የተከተለው የቡታጅራ ጥናት ለዓለም ብዙ አስተምረዋል። እነዚህን ሥራዎች እጅግ አከብራለሁ። ሆኖም መጠይቅ ስንት ልጅ እንደታመመ ይነግረናል እንጂ የዚህ ልጅ ቧንቧ ዛሬ ምን ያህል እንደጠበበ አይነግረንም። «ለአፍሪካ ሕፃን አይሆንም» የሚለውን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ዘግታዋለች። ከኬፕታውን አጠገብ ባለችው ፓርል ከተማ፣ ድራከንስታይን በተባለው ጥናት፣ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው ያለ ማደንዘዣ በተፈጥሮ እንቅልፋቸው ውስጥ ሳንባቸው ተለክቷል። በመጀመሪያ ዓመታቸው የሳንባ ምችና መሰል ሕመም የደረሰባቸው ልጆች አንድ ዓመት ሲሞላቸው የሳንባ አቅማቸው ቀንሶ ተገኘ። ከእናት የትንባሆ ጭስም ጉዳቱ ከመወለድ በፊት እንደሚጀምር ታይቷል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሙያ ባልደረቦቼ ነው። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ ምርመራው በምልክቶች፣ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን በማረጋገጥና ለሕክምና በሚሰጠው ምላሽ እንዲሆን ያዛል፤ ታዲያ መለካት ምን ይጨምራል ይላሉ። እውነት ነው፤ መለኪያ የለም ተብሎ ሕክምና አይዘገይም። ነገር ግን «ለሕክምና ምላሽ» የሚለውን ቃል ካርቱም ላይ አስቀምጡት። ልጁ በጥር የሚነፋ ስቴሮይድ ተጀመረለት፣ በመጋቢት ተሻለው። ያሻለው መድኃኒቱ ነው ወይስ የብርዱ ወራት ማለፉ? ይህ ሕመም በባሕርዩ የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ በራሱ ለሄደው ነገር መድኃኒቱን እናመሰግናለን፣ ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱን እንወቅሳለን። የተጻፈ ቁጥር ካለ ግን ልጁ ጤነኛ በሚመስልበት ቀንም ቧንቧው ጠቦ እንደሆነ ይታያል። በግምት የሚሰጥ መድኃኒትም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የታተመ ሰፊ ጥናት ከጉንፋን ጋር ሲር ብሏቸው ሆስፒታል ለገቡ ትንንሽ ልጆች በአፍ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሆስፒታል ቆይታቸውን እንዳላሳጠረ አሳይቷል። ያ ሽሮፕ ግን በየፋርማሲው ደጋግሞ እየተገዛ ለልጆቻችን ይሰጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ማነጻጸሪያ ነው፤ የእኛ ልጆች ከማን ጋር ይተያያሉ? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ የስፓይሮሜትር ቀመር ከ70 ሺህ በላይ ጤናማ ሰዎችን ከሦስት ዓመት ልጅ ጀምሮ አካትቷል። ከአፍሪካ የገቡት ግን አልጄሪያና ቱኒዚያ ናቸው፤ «ጥቁር» የተባለው ክፍል የተወሰደው ከአሜሪካ ነው። የካርቱም ልጅ በየትኛው ሊገባ ነው? ጎንደር የተወለደውስ? እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሳንባ ሕክምና ማኅበር በዘር የተከፋፈለው ቀመር እንዲቀርና አንድ የጋራ ቀመር እንዲያገለግል መክሯል፤ መልካም እርምጃ ነው፣ ያልተለኩትን ልጆች ግን አይተካም። የኔ መልስ ሌላ ነው። ደጋግሞ ለሚታመም ልጅ ዋናው ማነጻጸሪያ ራሱ ልጁ ነው። ዛሬ ከመድኃኒት በፊትና በኋላ፣ በሕመም ቀንና በጤና ቀን፣ በሦስት ዓመቱና በአምስት ዓመቱ ምን ያህል ነበር? ለዚህ የአውሮፓም የአሜሪካም ሠንጠረዥ አያስፈልግም። በሕፃናት ክትትል ካርድ ላይ ክብደቱን በየወሩ ነጥብ በነጥብ የምንጽፈው ለዚሁ ነው፤ የክብደቱ መስመር ሲያዘቀዝቅ ማንም «ለኢትዮጵያ ልጅ የተሠራ ሠንጠረዥ እስኪመጣ እንጠብቅ» አይልም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ፤ መድኃኒቱ በሌለበት ማሽን ምን ያደርጋል የሚለውን። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ አብዛኞቹ የካርቱም ሆስፒታሎች ሥራ አቁመው ነበር፤ በመተማ በኩል የገባችሁ ወላጆች አንድ ፓፍ፣ ማለትም አንድ የሚነፋ መድኃኒት፣ ለማግኘት የከፈላችሁትን ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ግልጽ መሆን አለበት፤ መድኃኒት ከማሽን ይቀድማል። አንድ ጤና ጣቢያ ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ካለው የሚነፋ ሳልቡታሞልና የሚነፋ ስቴሮይድ ይግዛ። ፓፉም ለትንሽ ልጅ ስፔሰር የሚባለው ማስተላለፊያ ከሌለ አይሠራም፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ማስተላለፊያው ውድ ቢሆን መፍትሔው በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፕሮፌሰር ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ በኬፕታውን ከ5 እስከ 13 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራና ፓፉ በሚገባበት በኩል የታሸገ ማስተላለፊያ ከፋብሪካው እኩል ሠርቷል። የጠርሙሱ ቂጥ በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ዙሪያው በማጣበቂያ ይታሸጋል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል፤ አንድ ፓፍ፣ ከዚያ አምስት ስድስት እስትንፋስ፣ ከዚያ ሌላ ፓፍ። ያልታሸገው ግን እኩል አልሠራም፤ ስለዚህ ማጣበቂያውን አትዝለሉት። ይህን ካሟላን በኋላ መለካትን እንደ ቅንጦት ማየቱ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ልጅ ብቻ መድኃኒቱን እንዲወስድ የሚያደርገው መለካት ነውና። አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ የሚበላው ገንዘብ ከዚያው ከድሃ ወላጅ ኪስ ነው የሚወጣው። የካርቱም ሆስፒታሎች ዳግም ሲደራጁም ሆነ እዚህ በአዲስ አበባ የሕፃናት ክፍሎች ሲጠናከሩ፣ አንድ ኦሲሎሜትር ለአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የፒክ ፍሎ መለኪያ ለየጤና ጣቢያው፣ ሰዓትና ካርድ ለሁሉም ቢደርስ ከአቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም።

የመለካትንም ወሰን ልናገር፤ ያለዚያ አታልላችኋለሁ። በሁለት ሕመም መካከል በጤና ቀን የተገኘ ጥሩ ቁጥር አስምን ውድቅ አያደርግም። የጤናማና የታመመ ልጅ ቁጥሮችም ብዙ ጊዜ ይደራረባሉ፤ አንድ ልኬት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አንዳንዱ ሲርታ ደግሞ ከአስምም ከጉንፋንም ውጪ ነው። ደህና የነበረ ልጅ ኦቾሎኒ እየበላ በድንገት ታንቆ ካሳለ በኋላ ሲርታው ከጀመረው፣ በተለይ በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ፍሬው ቧንቧው ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መታየት አለበት። ክብደቱ ከቀነሰና በቤት ውስጥ የሳምባ ነቀርሳ ታማሚ ካለ ያበጠ ዕጢ ቧንቧውን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ከወትሮው የደነዘዘ ልጅ ደግሞ ቆጠራም ማሽንም አይጠበቅለትም፤ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሩጡ።

ወላጆች ከዛሬ ጀምሮ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? አንድ ደብተር ያዙ። ሲርታው የጀመረበትን ቀን፣ ከጉንፋን ጋር መጣ ወይስ ያለ ጉንፋን፣ ሌሊት ቀሰቀሰው ወይስ ሲሮጥ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ወይም ዕጣን ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ሳልቡታሞል ከመውሰዱ በፊትና ከሩብ ሰዓት በኋላ በደቂቃ ስንት ጊዜ ተነፈሰ፤ እነዚህን ጻፉ። ተኝቶ ደህና በሆነበት ሌሊትም አንድ ጊዜ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ ያ የራሱ መነሻ ነው። ወደ የትኛውም ክሊኒክ ስትሄዱ ደብተሩን አስቀድማችሁ አሳዩ፣ የሰጡትንም መድኃኒት ስሙን አስጽፉ። አምስት ዓመት ሲሞላው ፒክ ፍሎ ወይም ስፓይሮሜትር እንዲለካ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ሐኪሙም ቢሆን ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ቁጥር ከእጃችሁ ሲያገኝ ይደሰታል እንጂ አይቆጣም። ነርሶቻችን አሁን በአዳራሹ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሱ እንዴት እንደሚበሳና እንደሚታሸግ፣ ትንፋሽም እንዴት እንደሚቆጠር ያሳዩአችኋል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። እኔ እዚሁ ሆኜ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።